ዱባይ ቅርብ፣ ቦንጋ ሩቅ

ቦንጋ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዛሬ ከአባቴ ለቅሶ ተመለስኩ። ሱቁን አልከፈትኩም፤ የሰው ፊት አስጠልቶኛል።

አባባ አዲስ አበባ ያረፈው ሊነጋ ሲል ነው። እህቴ ዘይነባ መጀመሪያ የደወለችው ዱባይ ላለው ታናሽ ወንድማችን ለሰዒድ ነው። ለእኔ ስትደውል የጠዋቱ አውቶብስ ከቦንጋ ወጥቷል። ሰዒድ በአውሮፕላን መጣ። ጀናዛው እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ቆየለትና አባባን በገዛ እጁ ወደ መቃብሩ አወረደው። እኔ በሚኒባስ ስንገላታ፣ ጎጀብ ላይ ጭቃ ይዞን፣ ጅማ አድሬ፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ስደርስ ባዶ አልጋ ጠበቀኝ።

አጎቴ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ "እሱ ባሕር ተሻግሮ ደረሰ። አንተ እዚሁ አገር ውስጥ ተቀምጠህ!" አለኝ። ዘይነባ ሰምታ አቀረቀረች። ኋላ ጓዳ ስገባ፣ "አንተ ቅርብ ነህ ብዬ እኮ ነው ወንድምዬ፤ ሩቅ ያለውን ላስቀድም ብዬ" አለችኝ። ቦንጋን አንድ ቀን መጥታ አይታት አታውቅም።

ትናንት ጠዋት ከሰዒድ ጋር ከአንድ በር ወጣን፤ እሱ ወደ ኤርፖርት፣ እኔ ወደ መናኸሪያ። ሲመሽ ጅማ ደርሼ አልጋ ስፈልግ ደወለልኝ። ዱባይ ቤቱ ገብቷል፤ የልጆቹ ሳቅ ይሰማኛል።

"ወንድሜ፣ በሰላም ገባህ?"

"አዎ፣ ቤቴ ነኝ" አልኩት።