ሬሳ ሳትሆን በዕድር መኪና ስለተሳፈረችው ልጄ

ለተከበሩ ኦቦ ፈዬራ
የላይ ሰፈር መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበርና የመኪና ምርጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጊንጪ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ስብሰባ ላይ ሲቀመጡ የሚከርሙ ሰው ነዎትና ወገብዎን ለብቻው እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም አልፌ በደስታ አብጃለሁ። ልጄ ለንሳ በሰላም ተገላግላ የልጅ ልጄን በግራ እጄ ታቅፌ በቀኝ እጄ ስለምጽፍልዎ፣ ፊደሉ ተንጋዶ ቢያገኙት ጥፋቱ የሕፃኑ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

እንደሚያውቁት በፍርድ ቤቱ በር ተቀምጬ የሰው አቤቱታ በመጻፍ የምኖር ሴት ነኝ። ዛሬ የራሴን እንድጽፍ ዕድል የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። የተከበረው ኮሚቴ «ሰው ሳይሞት ዋይታ አስነስታ የዕድሩን መኪና በማታለል ወስዳለች» በማለት እሁድ ከጉባኤው ፊት እንድቀርብና ከዕድሩ የማልሰረዝበት ምክንያት ካለኝ እንዳስረዳ ጠርቶኛል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ አልቀልድም። ባሌን ያነሳልኝ ይህ ዕድር ነው፤ ተሰርዤ ብሞት የሚያነሳኝ የለም። ስለዚህ መልሴን በዝርዝር፣ ምስጋናዬንም ሳላስቀር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው መኪና ለመምረጥ ስላሳየው ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ደላላው ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ከአዲስ አበባ አምጥቶ ለሙከራ ሲተውልን፣ አንዷ በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄድ፣ ሌላዋ ሃይብሪድ የሚሏት፣ ባትሪም ቤንዚንም ያላት ነበረች። ለንሳ ያኔ ገና ማርገዟ ነበር፤ እናንተ ስትመርጡ ሆዷ ገፋ፣ ወሯም ገባ። አስከሬን ትችል እንደሆነ ለማወቅ እርስዎ ራስዎ በሃይብሪዷ ጀርባ ተጋድመው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ሲለኩ ማየታችንን አንረሳውም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ በሥራው የሚያምን ሊቀ መንበር አላየሁም። ደግሞም ሃይብሪዷ ስትነሳ ድምፅ ስለሌላት «ሞታለች» ተብላ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገፏት፤ እሷ ለካ ተነስታ ኖሮ ጥላቸው ሄደች። እስከ ዛሬ ድረስ በእነሱ ጉልበት የሄደች ይመስላቸዋል፤ እኔም ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግሁም።

ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪኳን መኪና እርስዎ አጥብቀው መደገፍዎ ለሐዘንተኛው በማሰብ እንደሆነ አውቃለሁ። «ጭስ የላት፣ ጩኸት የላት፣ ለቀብር የተፈጠረች ናት» ማለትዎን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ችግሩ ከእርስዎ ወፍጮ ቤት በተዘረጋ ገመድ ታስራ መዋሏ ነው። እሷ ስትሞላ ወፍጮው ይቆማል፤ ወፍጮው ሲፈጭ እሷ ትጾማለች፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ያርፋሉ። የለንሳ ምጥ የመጣ ዕለት መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም።

ሦስተኛው ስለ ደንባችን ነው። ለንሳ ባሏ ካቺሲ የሚያስተምር በመሆኑ፣ እንደ ወጋችን የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታ ነበር። ምጡ ጠንክሮ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ባስቸኳይ ወደ አምቦ ሆስፒታል ውሰዷት አለችን። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወደ ደንዲ ገጠር ወርዷል፤ የበዓል ዋዜማ ስለነበር የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ሰው በሰው ነው። የሰፈር ሴቶች ለንሳን ቤቴ መልሰው ሲያስተኟት፣ እኔ እየሮጥኩ ቤትዎ መጥቼ ሃይብሪዷን ስለምንዎ፣ እርስዎም ወንበር ስበው፣ ውኃ አቅርበው፣ እንደ ጨዋ ሰው «እህቴ ወርቂቱ፣ ደንቡ ለሬሳ እንጂ ለምጥ አይልም» አሉኝ። ለውኃው አመሰግናለሁ። ልጄን የማጣት መስሎኝ፣ ያን አጭር መንገድ ቤቴ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም።

አራተኛ፣ የተከሰስኩበት ዋይታ። ለንሳ አልጋ ላይ ነጠላ ተሸፍና ሳለች ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ይህን አልክድም። የሚያስገርመው የዕድሩ ቅልጥፍና ነው። ጥሩንባ ነፊው ጂራ ነጠላ ጫማውን ሳያጠልቅ ወጣ። ከአፍታ በፊት ለምጥ ያልተገኘችው መኪና ደጄ ላይ ቆመች። እርስዎም ባርኔጣዎን አውልቀው፣ እንባዎ በጢምዎ ላይ እየወረደ፣ «አይ ለንሳ፣ ምን የመሰለች ልጅ» ብለው ቁልፉን በገዛ እጅዎ ለሾፌሩ ለሚልኬሳ ሰጡት። የአባቷ ዘመዶች መቃብር አምቦ ስለሆነ ወዴት እንደምንሄድ የጠየቀን የለም። ያን እንባዎን ግን አልረሳውም፤ ልጄን እንደሚወዷት ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ምነው በሕይወት እያለች ቢያለቅሱላት ኖሮ ብዬ ብቻ አዘንኩ።

ሚልኬሳም ምስጋና ይገባዋል። ከጊንጪ እንደወጣን ሬሳው ከኋላው «ሚልኬሳ፣ አሪፈዱ! ፍጠን እንጂ!» ብሎ ሲጮህበት መሪውን ለቆ በበሩ ሊዘል ነበር። ኮሌታውን ይዤ አስቀረሁት። ዳገቱ ላይ የቤንዚኑ ሞተር ድንገት ሲነሳ ደግሞ ሌላ ሬሳ የነቃ መስሎት ሁሉንም ቅዱሳን በየስማቸው ጠራ፤ ከዚያ በኋላ ግን አነዳዱ የሚያስመሰግን ነበር። ሃይብሪዷ ሳታስነጥስ አምቦ ገባች። ለንሳም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ፤ እኔም ቀሪውን እንዲጨርስልኝ አልጠየቅሁትም።

አምስተኛ፣ የዕድሩን ድንኳን ለፈንጠዝያ አዋልሻል የሚለው ክስ። ክቡር ሆይ፣ ድንኳኑን የተከለው ዕድሩ ነው፤ እኔ አምቦ ነበርኩ። በማግስቱ ልጅ ታቅፈን ስንመለስ፣ ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ንፍሮ ተቀቅሎ አገኘን። ለንሳ በእግሯ ከመኪናው ስትወርድ ከድንኳኑ በኋላ በኩል የሸሹት የኮሚቴ አባላት ማን ማን እንደሆኑ ስም አልጠራም። የቀረው ሰው ግን እልልታውን አቀለጠው። ንፍሮውን በሉ፣ ገንፎውን ደገሙ፣ ሲጨፍሩ ድንኳኑ ተወዛወዘ። እንግዲህ ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ እንዴት ብዬ ደስ አይበላችሁ ልበል?

ስለዚህ ከጉባኤው የምለምነው እንዲህ ነው። ሃይብሪዷ ትገዛ፤ መብራት ቢጠፋም እንደምትሄድ በገዛ ልጄ ተመስክሯል። ደንቡም ከዚህ ዓለም የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን ወደዚህ ዓለም የሚመጣውንም ያሳፍር። የኤሌክትሪኳን ግን መመለስ ያሳዝናል፤ ለኮሚቴው ስብሰባ ትሁን፣ እሷም የትም አትሄድምና ትስማማችኋለች። እኔ ልሰረዝ የሚገባኝ ከሆነ የምሰረዘው ልጄ በሕይወት ስላለች ነው፤ ይህንኑ በቃለ ጉባኤ እንዲጽፉልኝ እፈልጋለሁ።

ስሞት እንዲቀብሩኝ እየተማጸንኩ፣ እስከዚያው ግን በቁሜ የማከብርዎ፣

ወርቂቱ ሆርዶፋ
የለንሳ እናት፣ የአንድ ሕፃን አያት፣ የዕድሩ (እስከ እሁድ) አባል
ሚያዝያ 2015 ዓ.ም.

ሳልጽፈው እንዳላልፍ፦ የክሱ ወረቀት ዋይታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ ይላል። እኔ እንኳን ላስጀምር፣ ከድንጋጤዬ ብዛት ድምፅ አልነበረኝም። ዘዴውን ያመጡት፣ ለንሳን ነጠላ ያለበሱት፣ በመጀመሪያም ኡኡ ብለው ደረታቸውን የደቁት ባለቤትዎ ወይዘሮ ባየሽ ናቸው። ስለዚህ ስማቸው ከእኔ በላይ እንዲጻፍ፣ ሲሰረዝም አስቀድሞ እንዲሰረዝ እለምናለሁ። ሰሞኑን ምሳ የሚያቀርብልዎ ጠፍቶ ግራ ገብቶዎት ከሆነም አይስጉ፤ እኔ ቤት የሕፃኑን ገላ እያጠቡ ነው፣ እሁድ ጉባኤው ላይ ያገኟቸዋል።