ሐዲድ የሚጠብቀው ማሳ

ይድረስ ለወንድሜ ለባየልኝ፤ የባንክ ሥራው ከምርጫ ዘመቻው ጋር ተደርቦ እንዴት ይዞሃል? እኛ በመተማ ዮሐንስ፣ ከሙቀቱ በቀር፣ ደኅና ነን።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖረውን የእንግሊዝ ባለባንክ ታሪክ፣ የላክህልኝን፣ አነበብሁት። ባቡር አመጣለሁ ብሎ ምክር ቤት ገባ፤ ሐዲዱን በገዛ መሬቱ በኩል አጠማዘዘው። እርሻቸውን ያስረከቡት ገበሬዎች ፉጨቱን ሳይሰሙ ሞቱ። አንተ ከገጹ ዳር ላይ "ታላቅ ሰው" ብለህ ጽፈሃል፤ እኔ "ቀጣፊ" ብዬ አርሜዋለሁ።

ባለሱቁ ሰፍዋን ትናንት፣ "መምህር፣ ወንድምዎ ከተመረጡ ባቡሩ ሱቄ በር ላይ ይቆማል አሉ፤ ወንበር ላውጣ?" ብሎ ገበያተኛውን አሳቀብኝ።

እህታችን የሻረግ ግን አልሳቀችም። የሽንፋው ማሳዋ ላይ ሐዲድ ያልፋል ስላልሃት ሳታርሰው ተቀምጣለች። ዝናቡ ገብቷል፤ የጎረቤቶቿ ሰሊጥ በቅሏል። ለእኔ ባትመልስም ለእሷ ጻፍላት።

ጤናውን አያጓድልብህ፤ ታላቅህ አለነ።