ልጅ ሳይመጣ ለልጅ የተቆለፈው ቤታችን

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ጉዲፈቻ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድመን ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም ፋይላችን ለተኛበት መደርደሪያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን ጤናዎ እንዴት እንደሆነ እንጠይቃለን። እኛ ደህና ነን። ደህና መሆናችንን እንዲያውም ከእናቶቻችን በላይ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ በየዓመቱ የደም ግፊታችንን፣ የጥርሳችንን ሁኔታና የባለቤቴን ቁመት አስመርምረን የምንልክልዎ እኛው ነንና። ቁመቷ እስካሁን አልተለወጠም።

ምናልባት ከብዙ አመልካቾች መካከል ያላስታወሱን እንደሆነ፣ እኔ ዳሪል ብሪግስ እባላለሁ፤ በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት፣ በሁዎን ሸለቆ ፖም የማመርት፣ ሆዴ በመጠኑ ገፋ ያለ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ኬሪን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ከታይላንድ አንድ ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ካመለከትን ስድስት ዓመት ሞላን። ይህን ደብዳቤ በአካባቢያችን ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የደፈርነው በእርስዎ ተማርረን አይደለም፤ በግል የላክንልዎ ደብዳቤዎች በሰላም እንዲያርፉ ስለተደረገ፣ ይኼኛው ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ዐይኑን ገልጦ ይዋል ብለን ነው።

አንደኛ። ስለ ቤታችን ደኅንነት ከልብ እናመሰግናለን። መጀመሪያ የጎበኙን የክፍልዎ ባለሙያ «ልጁ በማንኛውም ቀን ሊመጣ ስለሚችል ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ዝግጁ ይሁን» ብለው ስላዘዙን፣ እኔና ባለቤቴ በዚያው ቅዳሜ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሁሉ በሕፃናት መቆለፊያ ቆለፍን፤ የጠረጴዛውን ማዕዘኖች ስፖንጅ አለበስናቸው፤ የቧንቧው ሙቅ ውሃም ለብ ከማለት እንዳያልፍ አስደረግን። ያ ማንኛውም ቀን እስከ ዛሬ ስላልመጣ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ለብ ባለ ውሃ እየታጠብን፣ አንዲት ማንኪያ ለማውጣት በሁለት እጃችን እየታገልን እንኖራለን። በመላው ታዝማኒያ እንደ እኛ ከአደጋ የተጠበቁ የሃምሳ ዓመት ሕፃናት አይገኙም። የግፊት መድኃኒቴ ያለበትን ቁም ሣጥን መክፈት አቅቶኝ ያመሸሁበት ቀን ግፊቴ ስንት እንደደረሰ፣ ከላክንልዎ የምርመራ ውጤት ላይ ሊያዩት ይችላሉ።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ኖርም ባለፈው የገና በዓል እኛ ዘንድ በልቶና ቢራውን ጠጥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ከገባ በኋላ የመቀመጫው ክዳንም እንደተቆለፈ ተረዳ። «አንተ ዳሪል፣ ይሄ ነገር የሚከፈተው በየት በኩል ነው? ቶሎ በል እንጂ፣ እኔ እኮ እንዳንተ ጎረምሳ አይደለሁም» እያለ ከውስጥ ሲጮህ፣ እኔም ከውጭ ሆኜ የግራውን እየተጫንክ የቀኙን ሳበው እያልኩ ሳስረዳው፣ መታገሥ አቃተውና ወደ ፖም ዛፎቼ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የሚመጣው ጉዳዩን ከቤቱ ጨርሶ ነው።

ሁለተኛ። ስለ ገንዳው እናመሰግናለን። በግጦሻችን መሐል ላማችን ዶሪስ የምትጠጣበት አሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አለ፤ በሸለቆው ውስጥ እንዲህ ዓይነት ገንዳ ያልተቀመጠበት ግጦሽ ፈልገው አያገኙም። በሁለተኛው ዓመት የመጡት ባለሙያ ግን ባዩት ጊዜ ደንግጠው «ክፍት የውሃ አካል» ብለው መዘገቡት፤ ልክ እንደ መዋኛ ገንዳም ዙሪያውን በደንቡ ቁመት እንድናጥርና በራሱ የሚዘጋ በር እንድንገጥምለት አዘዙን። ጎረቤቶቻችን እግዜር ይስጣቸውና በደቦ ወጡ። ግማሹ ችካል ሲተክል ግማሹ ቋሊማ ሲጠብስ ዋለ፤ እኔ የተከልኳቸው ችካሎች ወዲያው እየተጋደሙ ስላስቸገሩ ወደ ቋሊማው ክፍል ተዛወርኩ። አመሻሹ ላይ አጥሩ አለቀ፤ ሚኒስትር ቢመጣ የማያሳፍር አጥር ነበር። ዶሪስ መጥታ ከውጭ ቆማ ውሃዋን በፍርግርጉ ማየት ስትጀምር ነው እሷን ከነጭራሹ እንደረሳናት የገባን።

«ለማይታወቅ ልጅ አጥር ሠርታችሁ የምትታወቀውን ላም በውሃ ጥም ልትገድሏት ነው» አለ ኖርም ቋሊማውን እያላመጠ፤ «እናንተ ሰዎች ግን ጤነኛ ናችሁ?» ጤነኛ መሆናችንን በሐኪም ማስረጃ ልናሳየው እንችል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዶሪስ ውሃ በባልዲ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ባልዲም ክፍት የውሃ አካል መሆኑን ለሚቀጥለው ባለሙያ እንዳይነግሩብኝ አደራ እላለሁ።

ሦስተኛ። ባለሙያዎችዎ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩልን እናመሰግናለን፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ የሕይወት ታሪካችንን ለስድስት የተለያዩ ሰዎች የመተረክ ዕድል ባላገኘን ነበር። አሁንማ እኔ ስለ ልጅነቴ ስናገር ባለቤቴ ዐረፍተ ነገሬን ትጨርስልኛለች፤ እኔም አባቷ የሞተበትን ታሪክ ስትደርስበት መሐረቡን አስቀድሜ አቀብላታለሁ። ዕለት ዕለት አውቶቡስ ሙሉ የሰው ልጅ ጭና የምትመላለሰው፣ የሚያስመልሳቸውን የምታጥብና የሚደባደቡትን የምትገላግለው ኬሪን፣ ከልጆች ጋር የመዋል ልምድ እንዳላት በሰው ምስክር እንድታረጋግጥ መጠየቋንም እንደ ትልቅ ቁም ነገር ይዘነዋል። ምስክር ይሁኑኝ ብላ የአውቶቡሱን ልጆች ብትጠይቅ «ኬሪን ትጮሃለች» ብለው ይጽፉባት ስለነበር ቄሱን አስቸገርን።

ስልኩንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጥሪው በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ይችላል ስለተባልን ለእህቴ ሰርግ እንኳ ሲድኒ አልሄድንም፤ እህቴ እስካሁን አኩርፋናለች። ፖም ለመልቀም መሰላል ላይ ስወጣም ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ ነው የምወጣው። አንድ ጠዋት ከላይ ሳለሁ ጮኸ። እሷ ናት፣ በልባችን ሴት ያደረግናት ልጃችን ናት ብዬ ስንደፋደፍ ከነቅርጫቴ ወረድኩና እግሬ ተሰበረ። የደወለው ሰው ጣራዬ ላይ የሚተከል የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ሊሸጥልኝ ነበር። ክፍልዎ ስለ አደጋው ሲሰማ፣ የተሰበረው እግር ለወላጅነት ብቃቴ እንቅፋት እንደማይሆን በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቀኝ፤ ልጅ የማሳድገው በእግሬ ስላልሆነ ይህን ማስረዳት ብዙም አልከበደኝም።

የሚከብደው ሌላ ነው። የአካባቢያችንን ፖስታ ቤትና ሱቅ የምታስተዳድረው ትሩዲ፣ ነፍሷ የዋህ ስለሆነች፣ በገባን ቁጥር ከባንኮኒው ማዶ «እሺ፣ ልጁስ መጣ?» ትለናለች። መጀመሪያ «ገና ነው» እያልን እንስቅ ነበር። ቆይቶ መሳቁ ቀረ። አሁን ወተትና ቴምብር ለመግዛት ወደ ሌላ ከተማ እንነዳለን፤ ይኸው ባለፈው ወር እዚያም መጠየቅ ጀመሩ።

አራተኛውን ቅሬታዬን ባለቤቴ አንብባ ሰርዛዋለች። «ይሄን ካወጣህ ራትህን ከዶሪስ ጋር ነው የምትበላው» ስላለችኝ ወደ አምስተኛው አልፋለሁ።

አምስተኛ። የልጁን ቋንቋ ብንማር መልካም እንደሚሆን ስለመከሩን እናመሰግናለን። በየሳምንቱ ሆባርት ከተማ ድረስ እየነዳን፣ የታይ ምግብ ቤት ካላቸው ከወይዘሮ ሱፓፖርን ዘንድ ታይኛ እንማራለን። ፋይላችን ላይ የሰፈረው የልጁ ዕድሜ «እስከ አራት ዓመት» ነው፤ እንዲህ ብለን የሞላነውም ባለሙያዎ «ትንንሾቹ ቶሎ ይላመዳሉ» ስላሉን ነው፤ እኛ ሲሉን የምንሰማ ሰዎች ነን። ስለዚህ ወይዘሮ ሱፓፖርንን ለሕፃን የሚባለውን ብቻ ያስተምሩን ብለን ለመንናቸው። ይኸውና ዛሬ «አፍሽን ክፈቺ፣ ሩዙ መጣ» ማለት እንችላለን። «ሽንትሽ መጣ?»፣ «እሱን አትንኪ፣ እፉ ነው» እንላለን። እሹሩሩውንም በታይኛ ከነዜማው እናውቀዋለን፤ ኬሪን እንዲያውም አውቶቡሷን ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች። በስድስት ዓመት ትምህርት ታይላንድ ብንሄድ ሆቴል መጠየቅ አንችልም፤ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ግን አባብለን ልናስተኛው እንችላለን።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ዋናው ጉዳይ ለመግባት ፈርቼ ነው።

በፖም ለቀማ ሰሞን የመጡት ባለሙያ ቤታችንን አይተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆም አሉና «የሚያሳዝነው እኮ» አሉ፣ «እዚያ ታይላንድ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እዚያው ማሳደጊያ ውስጥ ናት፣ ላሳድጋት ብሎ አንድ ሰው እንኳ ጠይቋት አያውቅም። የእናንተ ፋይል ግን እስከ አራት ነው የሚለው።» ይህን መናገር እንዳልነበረባቸው ወዲያው ስለገባቸው ፊታቸው ቀላ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ብጠቅስም እንደ ደንቡ ክፍሉን ለቀዋል።

መኪናቸው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ እኔ እጄን ሳወዛውዝ ነበር። ኬሪን አታወዛውዝም ነበር፤ በጣቶቿ የሆነ ነገር ትቆጥራለች። ከዚያ «ዳሪል» አለችኝ፣ «እኛ ስናመለክት እኮ ሦስት ዓመቷ ነበር።»

ሁለታችንም እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ሆዱ የገፋ ገበሬ እንዲህ ያለውን ነገር ጋዜጣ ላይ ማውጣቱ የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሆነው ይኸው ነው። እኛ መሳቢያ ስንቆልፍ፣ ገንዳ ስናጥር፣ ለአንዲት ሕፃን እሹሩሩ ስናጠና፣ ያች ሕፃን እዚያ ጥርሷን ነቅላለች፣ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ማንበብ ችላለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ለወይዘሮ ሱፓፖርን ስንነግራቸው በሽርጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ? እና እሷን አፍሽን ክፈቺ፣ ሩዙ መጣ ልትሏት ነው? ትስቅባችኋለች እኮ» አሉ። ከዚያ ሽርጣቸውን ከፊታቸው ሲያነሱ መሳቃቸውን ትተው ነበር። «ትሳቅ፤ በሉ ደብተራችሁን አውጡ» አሉን። በዚያ ቀን የተማርናቸው «ጓደኛሽ ማን ይባላል?»፣ «ከፈለግሽ ብቻሽን እንተውሽ»፣ ደግሞም «ተናደሻል? ልክ ነሽ» የሚሉትን ነው። የመጨረሻዋን ኬሪን ደጋግማ ትለማመዳታለች።

እንግዲህ ፋይላችን ላይ ያለችው አራት ቁጥር ወደ ዘጠኝ እንድትለወጥልን በትሕትና ጠየቅን። ክፍልዎም ከእኛ በበለጠ ትሕትና የመለሰልን፣ ዕድሜ መለወጥ እንደ አዲስ ማመልከቻ እንደሚቆጠር፣ አዲስ ማመልከቻ ደግሞ ከወረፋው መጨረሻ እንደሚሰለፍ ነው። ወረፋው እንደ በፊቱ ስድስት ዓመት ከፈጀ ልጅቷ ዐሥራ አምስት ትሆናለች፤ ያኔ ከዘጠኝ ስለምትበልጥ እንደገና ማመልከት ይኖርብናል። ሒሳብ አይሆንልኝም፤ ሆኖም እንዲህ ከኋላዋ ስንሮጥ ከምንኖር፣ ለአካለ መጠን ስትደርስ እሷ እኛን በጉዲፈቻ እንድትወስደን ማመልከቱ ሳይቀል አይቀርም።

እርግጥ ነው፣ እሷ እኛን ትፈልገን እንደሆነ አናውቅም። ፎቶግራፋችንን አይታ፣ ሆዴን አይታ፣ እንቢ ልትል ትችላለች፤ እንቢ ካለች ትክክል ናት፣ እናዝናለን እንጂ አንቀየማትም። የምንፈልገው እንድትጠየቅ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንደጠየቃት ትወቀው።

ስለዚህ ምሕረትዎን የምንለምነው በአንዲት ቁጥር ብቻ ነው። ዘጠኝ ብሎ መጻፉ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም ጉዳዩ ተጣርቶ፣ ታይቶና ተፈርሞ እስኪያልቅ ዐሥርም ዐሥራ ሁለትም ልትሆን ትችላለች ብለው ከሰጉ፣ እኛ በቁጥር አንከራከርም። በዕድሜው ቦታ ላይ «ክፍሉ ሥራውን በጨረሰበት ቀን ልጅቷ የደረሰችበት ዕድሜ» ብለው ይጻፉልን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለክፍልዎ ፈጣን እስክሪብቶ፣ ለደንቡም አንድ ቀን ልጅ የመውለድ ጸጋ እንዲሰጠው ከልብ እየተመኘን፣ በፍጹም አክብሮት ዝቅ ብለን እጅ የምንነሳ፣

ታዛዦችዎ
ዳሪል እና ኬሪን ብሪግስ
ሁዎን ሸለቆ፣ ታዝማኒያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክፍልዎ በሚልክልን መልስ ሁሉ ግርጌ ላይ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ምስጋና ሳይገባን ስንቀበል መኖራችንን አሁን ስለተረዳን በሙሉ እንመልሳለን። እኛ ስንጠብቅ ቤት ነበረን፣ ላም ነበረችን፣ አንዳችን ለአንዳችን ነበርን። እባክዎ ምስጋናውን ለሚገባት ለልጅቷ ይላኩት፤ ማሳደጊያው የት እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።