የላክህልኝ የባሕር መጻሕፍት

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2007

«አባባ፣ የባሕር ኃይል ታሪክ ቢያነቡ ስለ እኔ መጨነቅዎን ይተዋሉ።» የጻፍክልኝ ቃል በቃል ይህ ነው።

ልጄ ኪሩቤል፣ እግዚአብሔር ከማዕበል ይሰውርህ። እኛ ደኅና ነን። ታቦር ተራራ ላይ ዝናቡ አላባራም፤ እኅትህ ትዕግሥት ልጇን ክርስትና አስነሥታለች።

የላክሃቸውን መጻሕፍት ጨርሻለሁ። አንተ የጭነት መርከብ ላይ እየሠራህ የጦር መርከብ ድል እንዴት እንደሚያጽናናኝ አልገባኝም። እኔን የያዘኝ የሞተ መርከበኛ በሸራ ተሰፍቶ፣ ብረት ታስሮበት ባሕር ውስጥ እንደሚጣል የሚተርከው ገጽ ነው። ለእናትህ ጮክ ብዬ ማንበቤ ስሕተት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሐይቁን ዓሣ አትቀምስም።

«ሰው በልቶ ቢሆንስ?» ትላለች።

«ሐይቃችን እኮ ከባሕር ጋር አይገናኝም» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! ውኃ ውኃ ነው» ብላ ሳህኑን ገፋችብኝ። አሁን እኔም መዋጥ አቅቶኛል።

ስለዚህ ካፒቴንህን ጠይቅልኝ፦ መርከባችሁ ላይ ሰው ቢሞት አስከሬኑ ለቤተሰቡ ይላካል ወይስ ይጣላል? በስልክ እየሳቅህ እንዳትመልስልኝ። አምላክ በሰላም ለአገርህ መሬት ያብቃህ። መልስህን እስከ ኅዳር ሚካኤል በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

አባትህ በላይነህ