ማጣፈጫው መድኃኒት አይደለም

ልጄ ሩመይሳ፣ አላህ ባለሽበት በሰላም ያኑርሽ። አስቀድመሽ ይህን ተረጂ፦ ለሻይ ማጣፈጫ ብለሽ የላክሽው እንክብል የስኳር በሽታ መድኃኒት አይደለም። አባትሽ ግን ጠዋት ጠዋት በውሃ እየዋጠው የሐኪሙን ኪኒን ትቷል! «ልጄ የላከችው ይጠብቀኛል» እያለም ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ትናንት ጤና ጣቢያ ሲለካ ስኳሩ ሦስት መቶ ሰማንያ ደርሷል። በአማርኛ «ይህ አይዋጥም» ብለሽ ብትጽፊበት ምን ነበረበት? ዳባት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ግትር ተማሪ አልገጠመኝም። ስኳር የሌለው ሻይ በቀረፋ አፍልቼ ባቀርብለት፣ «ነሲባ፣ የታመመ በግ ካለሽ አጠጪው» አለኝ። እኔን አይሰማም፤ አንቺን ግን ያምናል። ኪኒኑን እንዲጀምር፣ ሻዩንም ያለ ስኳር እንዲለምድ አንቺው ንገሪው። ዱዓዬ አይለይሽ፤ መልስሽ ግን ሳይውል ሳያድር ይድረሰኝ።

እናትሽ ነሲባ