«አሜን» ስትይ ሳቢ

ይድረስ ለልቤ ሰው፣ ለምስጋናው፣ ለምስጌ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ የቤቱን ደህንነት ነግሬህ ቀስ ብዬ ወደ ጉዳዬ መግባት ነበረብኝ። አልቻልኩም! እጄ አሁንም ዓሳ ዓሳ ይሸታል፣ እስክሪብቶው ከጣቴ ያዳልጠኛል። ምስጌ፣ አምባዛ ያዝኩ! ከክንዴ የሚረዝም፣ ጢሙ እንደ ሽማግሌ የተንዠረገገ፣ በገዛ እጄ፣ በአንተ መንጠቆ፣ በጀልባዋ ላይ አንተ ትቀመጥባት ከነበረችው ቦታ ተቀምጬ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ።

ያቺ የተረገመች ወባ ከወሰደችህ በኋላ ማኅበርተኞችህ ቦታህን እስከ ሙት ዓመትህ ድረስ ማንም እንዳይቀመጥባት አድርገው ጠበቁልህ። እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ ግን የጀልባዋ አለቃ ኃይሉ አንገቱን ደፍቶ እቤት ድረስ መጣና ቦታዋን ለሌላ ሰው ልንሰጣት ነው አለኝ። ሌላ ሰው ከምትፈልጉ እኔ አለሁላችሁ አልኩት። ሳቀ። እኔ ደግሞ ከሌን አውልቄ መንጠቆህን ከግድግዳው አወረድኩ። በኋላ ተማከሩና፣ ሁዳዴ እስኪገባ ሞክሪ፣ አንድ ደህና አምባዛ በመንጠቆ ካወጣሽ ቦታዋ ያንቺ ናት፣ ካልሆነ ግን እንዳትቀየሚን አሉኝ። ካቃተኝ ኒሯቅን ትቼ፣ ልጃችንን ሰላምን ይዤ፣ ሰቆጣ ዙሪያ አባቴ ቤት መግባቴ ነው። እዚያ ደጋው ደስ ይላል፤ ግን አንተ የምትታወሰኝ ተከዜ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ።

ዓሳ የማላውቅ እንዳይመስልህ ደግሞ! ስምንት ዓመት ሙሉ አንተ ስታወጣ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አንጀቱን ሳወጣ፣ አፍህ አያርፍም ነበር። የማልሰማህ ይመስልህ ነበር አይደል? ሁሉንም ይዤዋለሁ። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ውጪ። የግድቡ ውኃ የዋጣቸው ዛፎች ጫፋቸው ብቅ ካለበት ጣይ፤ አምባዛ እንደ ሌባ መደበቂያ ይወዳል። ከቆረሶ ዓሳ ሥጋ ቁራጭ ሰክተሽ የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ አሳዪ። ክሩን በጣትሽ ያዢው እንጂ አታወጥሪው። ሲነካው አትደንግጪ፣ መጀመሪያ ይቀምሳል እንጂ አይጎርስም፤ አንድ አባታችን ሆይ ድገሚ፣ አሜን ስትይ ሳቢ።

እኔም ያልከውን አደረግሁ። ጣልኩ፣ ጠበቅሁ፣ ተነካ፣ ደገምኩ፣ አሜን ብዬ ሳብኩ። ባዶ! በማግስቱም ባዶ። መንጠቆው ተልሶ፣ ታጥቦ የተቀመጠ ማንኪያ መስሎ ይወጣል። ስድስት ዓሳ አመለጠኝ፣ ምስጌ። ኃይሉ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰልኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስድስተኛው የሄደ ቀንማ ሰደብኩህ፤ ይቅር በለኝ። ምስጢሩን ለራሱ ይዞ ሄደ፣ ለእኔ የተረፈችኝ ወሬዋ ናት ብዬ ነው የተማረርኩት።

ይህ ሁሉ ሆኖ የቅበላው ሳምንት ገባ፣ ሁዳዴ አራት ቀን ቀረው። ምሳ ቀረበና ሰላም አባታችን ሆይን ደገመች። ደገመች ማለት ውሸት ነው፤ ዋጠችው! እናትህ ተቆጡ። እንደ አባትሽ ጸሎቱን እንደ ትኩስ ገንፎ አትሰልቅጪው፣ እግዜርም እኮ ቃል በቃል መስማት ይፈልጋል አሏት።

ጉርሻዬ ከእጄ ወደቀ።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ! አባቴ አንዲት ቃል ከዘለልን ከሀ ያስጀምሩን ነበር። ውኃው ላይም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቃሏን አንድ በአንድ አጥርቼ ነው የምደግመው። አንተ ግን አሜን ስትል እኔ ገና «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ነኝ፤ ዓሳው የራሱን የዕለት እንጀራ በልቶ ሄዷል! ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ፣ ምስጌ ቀስ በል፣ ፈረስ እየጋለብክ አይደለም፣ ከእግዜር ጋር እያወራህ ነው እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት ራሴ፣ እንዴት ረሳሁት? ሰላምን አሥር ጊዜ አስደገምኳት። እናትህ ልጅቷን ልታሳብዳት ነው ብለው አማተቡ።

ዛሬ ቅዳሜ የመጨረሻው ቀኔ ነበር። ክሩ ነካ ነካ ሲያደርግ ጀመርኩ፤ በአንተ አፍ፣ በአንተ ጥድፊያ፣ ትንፋሽ ሳልወስድ። መሐል ላይ የእኔ ድምፅ ጠፍቶ ያንተን ሰማሁ፣ እውነቴን ነው። አሜን! ብዬ ጮኼ ሳብኩት። ወይ ጉድ! ክሩ መዳፌን ቆረጠኝ። ሲሮጥ ልቀቂለት፣ ሲደክመው ሰብስቢ፣ ክሩ ግን አይላላ ያልከኝን እያሰብኩ ስለቅ ስሰበስብ፣ አንድ ትልቅ ጭንቅላት ከውኃው ብቅ አለ። በክንፉ እሾህ እንዳይወጋኝ ኃይሉ ከጭንቅላቱ በኩል ያዘልኝ። ከዚያ ዓሳውን ትቶ እኔን አየኝና፣ ምስጋናውን የሰማሁት መሰለኝ አለ። እልልታና ለቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ፣ የቱን እንዳስቀድም ጠፋኝ። ቦታህ የእኔ ሆነች፣ ምስጌ። አንሄድም!

እናትህ ቅርፊት የሌለው ዓሳ ቤቴ አይገባም እንዳሉ ናቸው። ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ደጅ ድረስ ወጡና በክንዳቸው ለኩት። ደግሞ ከጎረቤት ሁሉ ቀድመው ያወሩት እሳቸው ናቸው። የተከልካት ሎሚ አፈራች። ሰላም ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ጸሎቷ አሁን ደግሞ በፉጨት ሆኗል።

ለነፍስህ ስጸልይ እንደ አባቴ ልጅ ቃሏን አንድ በአንድ አጥርቼ እላለሁ፣ ከአንተ ጋር መቆየት ነውና አልቸኩልም። ውኃው ላይ ግን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ በአንተ ጥድፊያ ነው የምደግመው፤ በዚህ አልረሳህም። ስምንት ዓመት ቀስ በል ስልህ ሰምተኸኝ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ድምፅህን የት አገኘው ነበር?

እንኳንም አልሰማኸኝ።

የቦታህ ወራሽ፣
ብርሃኔ