ከሦስት ልጆች ጋር ወደ ደልጊ

ጥር 23፣ ረቡዕ

ዛሬም ስብሰባ። ከሥራ በኋላ እዚያው ፋብሪካው ግቢ፣ እስኪመሽ። ቤት ስደርስ አዘዘ አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ተዘግቷል። አባቱ ዳኘው እቤት ነበር እኮ! "ሳባብለው ነው የዋልሁት" ይላል። በምን? ሬዲዮ ከፍቶ አጠገቡ አስቀምጦለታል። የእርሻ ዜና፣ ለዓመት ከመንፈቅ ልጅ...

ራት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከሰኞ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል። እናቱ አገር፣ ደልጊ እንሂድ አለ። ሁላችንም፣ እሑድ በሚነሣው ጀልባ።

"እማዬ ታማለች። ልጆቹን ሳላይ እንዳልሞት ብላ ሰው ልካለች።"

ሁለት ቀን ጀልባ ላይ፣ ከሦስት ልጆች ጋር! ክንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም። የሻሽወርቅ አራቷ ነው፤ ጥያቄዋ አያልቅም። አዘዘ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል።

"እኔ አለሁ አይደል?" አለኝ።

አለ። መኖሩንማ አለ... እሺ አልሁ። አማቴ ታመዋል ከተባለ ምን ይባላል?

ጥር 25፣ ዓርብ

ፈቃድ ሰጡኝ። ከቀበሌም የይለፍ ወረቀት ወጣ፤ የአምስታችንም ስም አለበት።

ለልጆቹ መጫወቻ ስሰበስብ ዋልሁ። ክር ክፍል ያሉት ሴቶች ክር ያለቀባቸውን የካርቶን ቀፎዎች ሰጡኝ። የሚጣሉ ናቸው። ክንዱ በከሰል ዓይንና አፍ ሣለባቸው። አንዱ ወታደር፣ አንዱ ቄስ፣ አንዷ ሙሽራ። የሻሽ ሙሽሪትን አቅፋ ተኛች። ቆሎ ቆላሁ፣ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀሁ፣ ሙዝ ገዛሁ።

ዳኘው ምን ያዘ? ካርታ።

ጥር 27፣ እሑድ

ጀልባ ላይ። አዘዘ ጭኔ ላይ ተኝቷል። እስኪነቃ ልጻፍ።

ተናድጃለሁ። ገና ባሕር ዳር መሣፈሪያው ላይ ነው የተጀመረው። የጥበቃው ሰው ሻንጣዬን ዘረገፈው። ዳቦ ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ። ቀፎዎቹን አነሣ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከፋብሪካ። የተጣለ ነው።"

"የሕዝብ ንብረት ነው።"

"እነዚህ ልጆች ታዲያ ሕዝብ አይደሉም?" አልሁት።

ዳኘው ክንዴን ቆነጠጠኝ። "ተይ፣ አገርነሽ።" ሰውዬው ወታደሩንም ቄሱንም ሙሽሪትንም ሰብስቦ ከጠረጴዛው ሥር ወረወራቸው። የሻሽ ጮኻ አለቀሰች። ምን ሊያደርግባቸው ነው? ክር ሊጠቀልልባቸው?

ባዶ እጄን ተሣፈርሁ። ዳኘው "ትንሽ ነፋስ ልቀበል" ብሎ ወደ ፊት ሄደ። ይኸው እስካሁን እየተቀበለ ነው። የካርታው ጫጫታ እዚህ ድረስ ይሰማል። እኔ ከኋላ፣ ከማሽላ ጆንያና እግራቸው ከታሰረ ዶሮዎች መሀል።

የሠራሁትን ልጻፈው፣ ሌላ ማን ይጽፍልኛል? መጀመሪያ ውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ሻላዎች ቆጠርን። ክንዱ የሚያውቀው እስከ ሃያ ነው፤ ሃያ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከዚያ ነጠላዬን ከላያቸው ጥዬ ኩኩሉ። አዘዘ ነጠላው በተገለጠ ቁጥር አዲስ ሰው ያየ ይመስለዋል፤ ይንከተከታል። ዘጌን እስክናልፍ በዚህ ቆየን። ቀጥሎ እንቆቅልህ።

"ሲሄድ ይጮኻል፣ ሲቆም ያንቀላፋል?" አለ ክንዱ።

መልሱ ጀልባው ነበር። የሻሽ ግን "አባዬ!" አለች። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሣህሉ የሚሉት አንድ ባለ ኮት መጥቶ "እናትየዋ፣ ልጆቹን ጸጥ አድርጊያቸው፣ ካርታ ላይ ነን" አለኝ። የካርታ ጓደኛው አባታቸው መሆኑን ሳያውቅ! "አብሮዎት የሚጫወተውን ይጥሩልኝና እሱ ጸጥ ያድርጋቸው" አልሁት። ሄደ። የመጣ ሰው ግን የለም።

አዘዘ ነቃ።

ጥር 28፣ ሰኞ

ቁንዝላ፣ ጠዋት። እዚህ አድረን ጀልባው እስኪነሣ እየጠበቅን ነው።

ጉድ ሰምቻለሁ። ነገሩ ትናንት ደቅ ደሴትን ካለፍን በኋላ ነው።

አጠገቤ እትዬ እናትዓለም የሚባሉ የደልጊ ሴትዮ ነበሩ። ደግ ሴት ናቸው፤ አዘዘን ተቀብለው ሲያጫውቱልኝ ነበር። የማን ሚስት እንደሆንሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። ይኼኔ ጭኔ ላይ የተቀመጠችውን የሻሽን አገጯን ያዝ አደረጉና...

"ይቺ ናታ ለፅጌ ማርያም የምትሰጠው! እሰይ፣ የኔ ቆንጆ! ፅጌ እኮ አልጋ ሁሉ አሠርታ ነው የምትጠብቅሽ።"

ፅጌ ማርያም የዳኘው እህት ናት። ልጅ አልወለደችም። ባሏ በዚሁ ፈትቷት እናቷ ቤት ከተመለሰች ስድስት ዓመት ሆናት።

"ማነው እንዲህ ያለው?" አልኋቸው።

"ምነው፣ አገር የሚያውቀውን?"

አገር ያውቃል። እናቷ አላውቅም!

ልጆቹን እትዬ እናትዓለም ዘንድ ትቼ ወደ ፊት ሄድሁ። የሻሽ ግን ቀሚሴን ይዛ ተከተለችኝ። ዳኘው ካርታውን እንደያዘ ነው። ጠየቅሁት። ፊቱ ዓመድ መሰለ።

"ደልጊ ስንደርስ እነግርሽ ነበር።"

"ምኑን? ልጄን ካስረከብህ በኋላ?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ለጥቂት ጊዜ ነው። ላንቺም ይቀልሻል፤ ሥራ፣ ስብሰባ፣ ሦስት ልጅ... እማዬ ለመነችኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ።"

ለእናቱ እምቢ ማለት አቃተው። ለእኔ መዋሸት እንዴት አላቃተው? "ለመሆኑ እማማ ታመዋል?" አልሁት። ካርታውን ማገላበጥ ያዘ። አልታመሙም! ሊሞቱ ነው ብሎ ነው ያሣፈረኝ!

ይቀልሻል አለኝ። ልጄን እንደ ጆንያ ከትከሻዬ አውርዶ።

ከሁሉ የባሰው የሻሽ ናት። ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። እሷ! ጉማሬ አሳየኋት፤ አየችው፣ ዝም። ተረት ጀመርሁ፣ ዝም። ኩኩሉ ስንል አዘዘ ይስቃል፣ እሷ ከነጠላው ሥር አትወጣም። አሁንም ይህን ስጽፍ ቀሚሴን እንደጨበጠች ነው። ልጅ ማጫወት አውቃለሁ እል ነበር። ለዚህ የሚሆን ጨዋታ ግን ከየት ላምጣ?

ልመለስ ብል ጀልባው የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከሐሙስ በፊት መመለሻ የለም።

ጥር 29፣ ማክሰኞ

ደልጊ። ሁሉም ከቤት ወጥተዋል። አሁን ተነፈስሁ።

ትናንት ልንደርስ ስንል ክንዱ የሻሽን እንቆቅልሽ አላት። አላወቀችም፤ ወይ መመለስ አልፈለገችም።

"እንግዲያው አገር ስጪኝ" አላት።

ቀሚሴን ሳትለቅ "ደልጊን ውሰድ" አለችው። "ባሕር ዳርን ግን አልሰጥህም።"

ፊቴን ወደ ውኃው አዞርሁ።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሊሞቱ ነው የተባሉት፣ በእግራቸው ዳገቱን ወርደው ከጀልባው ተቀበሉን። ክንዱን ሽቅብ አንሥተው ነው የሳሙት! ፅጌ ከኋላቸው ቆማለች። ነጭ ለብሳ። ቀረብ አለችና ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል ያዝኋት።

"እግዜር ይስጥሽ፣ እታለም" አለችኝ። "ራስሽ ነሽ ያሰብሽው ብሎ ዳኘው ሲልክልኝ አላመንሁም ነበር። ለእኔ ያሰበልኝ ሰው የለም እኮ።"

ንዴቴን ሁሉ ለእሷ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ከእሑድ ጀምሮ ስስለው። ምን እላታለሁ?

ቤት ገብተን እስክንቀመጥ ታገሥሁ። አልጋውን አየሁት። ትንሽ፣ አዲስ ጠፍር። አጠገቡ ቀሚስ ተሰፍቶ ተሰቅሏል። የሻሽ አልጋውን ስታይ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈች።

"ፅጌ" አልሁ፣ በሁሉም ፊት፣ "እኔ ይህን ነገር የሰማሁት ትናንት ነው። ጀልባ ላይ። ከመንገደኛ አፍ።"

ፅጌ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ ልጅቱን፣ በመጨረሻ ወንድሟን።

"ዳኘው፣ እውነቷን ነው?"

"እኔማ ኋላ ትስማማለች ብዬ..."

"ሰርቀህ ልትሰጠኝ ነበር? ልጅቱ በየሌሊቱ እናቴን እያለች ስታለቅስ እኔ ምን እንድላት ነው? መሀን ብትሉኝ መሀን ነኝ። ሌባ ግን አይደለሁም!"

ቀሚሱን ከተሰቀለበት አውርዳ ወጣች። አማቴ "ልጅ የዘመድ ነው፣ ምን ያለ ጉድ ነው" እያሉ ቀሩ። ዳኘው መሬት መሬት ያያል። ፅጌ ሁሉንም ብላልኛለች።

ጥር 30፣ ረቡዕ

አማቴ አኩርፈዋል። የከተማ ሴት ደመወዟን ተማምና ነው ይላሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለምሰሶው። "እማማ፣ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ምሰሶው አልወለደም" አልኋቸው። ከአፌ አመለጠኝ። ቢሆንም አልጸጸትም። ቢጠይቁኝ እኮ መልስ ነበረኝ። ማን ጠየቀኝ?

ከሰዓት በኋላ ፅጌ እባሕሩ ዳር ልብስ ሳጥብ መጣች። ዝም ብላ ማጠብ ጀመረች። የአዘዘን ቁምጣ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ፣ ቀና ሳትል፦

"እሷ ወደኔ ካልመጣች እኔ ብመጣስ? እስከ ፋሲካ። ካስቸገርሁሽ ትመልሽኛለሽ። ስትሠሪ ልጆቹን አይልሻለሁ። እንደ እናት አይደለም። እንደ አክስት።"

መጀመሪያ የመጣብኝ እምቢታ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው፣ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ከነሱ ቤት! ግን ይቺ ጠየቀችኝ። ከዚህ ቤት እኔን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

"ነይ" አልኋት።

አማቴ ሲሰሙ ጮኹ። "እኔን ማን ሊጦረኝ ነው?" አሉ። የእነ ዳኘው ታላቅ ወንድም ተክለ ጊዮርጊስ እዚያው ግቢ ከነሚስቱ አለ፤ ቢሆንም ጮኹ። ፅጌ ወደ ዳኘው ዞረች።

"እኔ እማዬን ስድስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። አንተ አንድ ሳምንት ጠብቅ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው አይደል? ታማለች ብለህ መጥተህ ሳታስታምም ልትሄድ ነው?"

እሱም "እሺ" አለ። ለካ ለሁሉም እሺ ነው የሚለው!

የካቲት 1፣ ሐሙስ

ጀልባ ላይ፣ ወደ ቤት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለፅጌ የይለፍ ወረቀት የሰጣት ጀልባው ሊነሣ ሲል ነው። ዳኘው እዳር ቆሞ ቀረ። እጁን አወዛወዘ። ክንዱ ብቻ መለሰለት።

ፅጌ በዕድሜዋ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሐይቁ ዳር ተወልዳ! ገና ሞተሩ ሲነሣ ክንዴን ጨመደደችው። ትንሽ እንደሄድን አቅለሸለሻት። ልጆች አጫውታለሁ ያለችው ሴት እሷው ራሷ ሕፃን ሆነች።

"ይሄ ነገር ይገለበጣል እንዴ? ያ ጥቁሩ ምንድን ነው? ሰው ነው?" ትላለች።

እኔ አዘዘን እያጠባሁ ነበር። ድንገት ከጎኔ ቀጭን ድምፅ፦

"ሰው አይደለም። ጉማሬ ነው። ጆሮውን ብቻ ነው የሚያሳየው።"

የሻሽ ናት! ቀሚሴን ለቃለች።

"ይበላል?"

"ሣር ነው የሚበላው። አትፍሪ። እዚህ ጋ ያዢ። ወደታች አትይ፣ ሩቅ እይ።"

ከዚያ በኋላ ቁንዝላ ድረስ አክስቷን ስታጫውት ዋለች። ሻላውን አሳየቻት፣ ኩኩሉ አስተማረቻት። ፅጌም ልቧ እየተናወጠ ከነጠላ ሥር እየገባች ትወጣለች። ያጫወትሁት የለም። ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ።

የካቲት 2፣ ዓርብ

ደረስን። ፅጌ ከጀልባው ስትወርድ መሬቱን በእግሯ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ሞከረችው። ደክሞኛል።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ፆመ ነነዌ ገባ። ከሥራ ስመለስ አዘዘ ድምፁ አልተዘጋም። ፅጌ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጋር ውጭ ናት፤ እንቆቅልህ ትጠይቃቸዋለች። ስታያቸው ግን አንዳንዴ እንቆቅልሹን ትረሳዋለች። ያን ጊዜ እኔ እቀጥልላታለሁ።

የሻሽ ሌሊት ከእኔ ጋር ካልሆነ አትተኛም። በሩ ሲንኳኳ ትደበቃለች። ይህንስ ለማን አቤት ልበል?

የካቲት 9፣ ዓርብ

ዳኘው መጣ። ጀልባው ዘግይቶ ነበር፣ ከምሳ በኋላ ነው የደረሰው። ከስቷል። እናቱ ሳምንቱን ሙሉ ውኃ ሲያስቀዱት ከርመዋል አሉ። እሰይ!

ክንዱ ሮጦ ተጠመጠመበት። አዘዘ ተከተለ። የሻሽ ከበሩ ጀርባ ወጥታ ራቅ ብላ ቆመች።

"አባዬ፣ ማንን ልትሰጥ ነው የመጣኸው?"

ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እንደወትሮው እንድመልስለት። ፅጌም አየችኝ። አፌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር... ዋጥሁት። ራሱ ይመልስ!

እዚያው ደጃፉ ላይ ተንበረከከ፣ ሻንጣው ከትከሻው እንደተንጠለጠለ።

"ማንንም አልሰጥም፣ ልጄ። አጥፍቻለሁ።"

"ለፅጌም ንገራት" አለችው የሻሽ።

ነገራት። ከዚያ ተነሥቶ ወደኔ መጣ፤ ለኔም ነገረኝ። ሰምቻለሁ አልሁት። ይቅር ብያለሁ አላልሁም። ገና ነኝ። ንዴቴ እንዳለ ነው፤ ሳልጠየቅ እንዲበርድ አልፈልግም።

አሁን ራት በልተን ጨርሰናል። የሻሽ አጠገቡ ተቀምጣ ጥያቄዋን ከፍታበታለች። አያቴ ለምን ውኃ አስቀዳችህ? ጀልባው ለምን ዘገየ? ጆሮ ብቻ ያለው ጉማሬ አይተሃል? አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣል። እኔ ጥግ ይዤ እጽፋለሁ።

እሱ ነው የሚመልሰው።